ቆጣሪው ዝም፣ ሮቶው ባዶ

ደሴ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ለሚደርሰው ሰው፣ የሽንት ቤት ታንከር ሲያፈስ ጉዳዩ የክፍያ ብቻ አይደለም። እኛ ቤት ማታ ሞልቶ ያደረው ሮቶ ጠዋት ተራቁቶ ይገኝ ጀመር። መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም።

የተለመደው ምክር "ቧንቧውን ሁሉ ዝጋና ቆጣሪውን እይ" ነው። ከሮቶ ለሚጠቀም ቤት ይሄ አይሠራም። ውሃው የሚጠፋው ቆጣሪውን አልፎ ጣሪያ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። ቆጣሪው ምን አገባው?

ስለዚህ ወደ ሽንት ቤቱ ሄድኩ። የታንከሩን ክዳን አንስቼ ጨርቅ ላይ አስቀመጥኩ፤ ሸክላ ነውና ከወደቀ አለቀለት። ቀይ ስር የተቀቀለበት ውሃ ጨመርኩበትና ማንም ፍላሽ እንዳያደርግ ነገርኩ። ቆይቼ ሳይ፣ መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ቀልቷል።

ግን ከየት በኩል? መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ፣ ተንሳፋፊው (ቧንቧ ሠራተኞች ጋለጃንቴ የሚሉት) ውሃውን በሰዓቱ አይዘጋም፤ ትርፉ በመሃል ባለው የማስተንፈሻ ቱቦ ይወርዳል። ሁለተኛው፣ ከታች ያለው ጎማ በደንብ አይገጥምም። ለመለየት ወደ ታንከሩ የሚገባውን ውሃ ዘጋሁና የውሃውን ልክ በእርሳስ አሰመርኩ። ውሃው ከመስመሩ በታች ወረደ። ባይወርድ ኖሮ ጥፋቱ የጋለጃንቴው ነበር።

ሱቅ ስሄድ ሻጩ "ወንድሜ፣ ሙሉውን ቀይረህ ተገላገል" አለኝ። ጎማው ብቻ ይበቃኝ ነበርና እሱን ይዤ ተመለስኩ። አሮጌው ጠርዙ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ከሥሩም ደለል ተጋግሯል። ጎማው የሚያርፍበትን ቦታ በአቼቶ በነከርኩት ጨርቅ አሸሁት፣ ነጩ ቅርፊት ለቀቀ። በሽቦ መፈግፈግ ግን አይመከርም፤ ጭረቱ ራሱ ውሃ ያሳልፋል። አዲሱን ገጥሜ እንደገና አሰመርኩ። ውሃው ካለበት አልተነቃነቀም።

ጎማውን ያደረቀው፣ እንደምገምተው፣ ለጽዳት ብለን ታንከሩ ውስጥ የምንጨምረው በረኪና ነው። አሁን መቀመጫው ላይ ብቻ እናፈሳለን። ለደለሉ ደግሞ፣ ፈረቃው ሲገባ ቀድሞ የሚመጣውን ድፍርስ ውሃ በባልዲ ለጓሮው ጎመን እናደርገዋለን፤ ጠራ ሲል ወደ ሮቶ እንለቀዋለን።