ሣጥን ከመግዛት በፊት

ኮተት የበዛበት ሰው ቀድሞ የሚያስበው ሣጥንና መደርደሪያ መግዛትን ነው። ነገሩ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ሣጥኑ ሲመጣ የማያስፈልገው ዕቃ ሁሉ ማረፊያ ያገኛል፤ ጠረጴዛው ለሳምንት ያምርና ተመልሶ ይሞላል። የወረቀት ክምር ለእኔ ውሳኔ ያልተሰጠበት ጉዳይ ነው። ሳይወሰንበት ሣጥን ውስጥ ከገባ ተደበቀ እንጂ አላለቀም።

መጀመር ያለበት ከጠረጴዛው ብቻ ነው። ቤቱን በሙሉ በአንድ ቀን ላጽዳ ብሎ የተነሳ ሰው ሲመሽ ከጠዋቱ የባሰ ዝብርቅርቅ መሃል ይቀመጣል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁሉ ይውረድና በሦስት ይከፈል፦ እዚሁ የሚቀር፣ ሌላ ቦታ የሚሄድ፣ የሚወገድ። ለውሳኔ ያስቸገረው ካርቶን ውስጥ ገብቶ ይታሸግ፤ ቀኑም ይጻፍበት። 3 ወር ማንም ሳይከፍተው ከቆየ ለሚፈልገው ሰው ይሰጥ። ውልና የትምህርት ማስረጃ ግን እዚያ ካርቶን ውስጥ ፈጽሞ አይግቡ። ፎቶና የቆየ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ ይታዩ፤ በእነሱ የጀመረ ሰው በትዝታ ተይዞ ይመሽበታል።

የሚቀረው ዕቃ ቦታ የሚያገኘው በአጠቃቀሙ ነው። በየቀኑ የሚነሳው ከወንበር ሳይነሱ እጅ የሚደርስበት፣ በሳምንት አንዴ የሚፈለገው መሳቢያ ውስጥ፣ የቀረው መደርደሪያ ላይ። ኮምፒውተር ላይ ደግሞ የፋይሉ ስም በዓመት፣ በወርና በቀን ቅደም ተከተል ቢጀምር ፋይሎቹ ራሳቸው ይደረደራሉ።

ዕቃን ከማደራጀት ይልቅ ጊዜን ማደራጀት ይከብዳል፤ የጊዜ ኮተት በዓይን አይታይምና። ተመራማሪዋ ሶፊ ሌሮይ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት ያሳየችው፣ ሥራ ስንቀይር ሐሳባችን በከፊል ያላለቀው ሥራ ላይ እንደሚቀር ነው። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው ከመዞር በፊት ሁለት ነገር ይጻፍ፦ የት እንደቆመና ሲመለሱ የሚጀመርበት እርምጃ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ እኔ ግን ከየትኛውም የስልክ አፕ አስበልጠዋለሁ።

ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ቺሪሎ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የጀመረው ዘዴም አለ፦ 25 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ ዕረፍት፣ ከአራት ዙር በኋላ ረዘም ያለ ዕረፍት። ለሚሸሹት ሥራ ግሩም ነው። ለጽሑፍ ወይም ለስሌት ግን ሐሳቡ ገና ሲሟሟቅ ደወሉ ያቋርጣል፤ እዚያ ላይ 50 ደቂቃ ሥራና 10 ደቂቃ ዕረፍት ይሻላል። በዕረፍቱ ስልክ የከፈተ ሰው ደግሞ ዕረፍቱን አጥቷል፤ መነሳትና መንቀሳቀስ ነው የሚያዋጣው።

ዕቅድን በብዛት የሚያፈርሰው የግምት ስህተት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 እንደጻፉት፣ ሰው ያለፈው ሥራ እንደዘገየበት እያወቀም የሚቀጥለው ቶሎ ያልቃል ብሎ ያስባል። መድኃኒቱ በየሥራው ጎን የተገመተውንና የፈጀውን ደቂቃ መጻፍ ነው። በሁለት ሳምንት የፈጀው ደቂቃ ድምር ለተገመተው ድምር ሲካፈል የራስ ቁጥር ይወጣል። ቁጥሩ 1.5 ከሆነ፣ 40 ደቂቃ የተባለው ሥራ 60 ይያዝለት። በ8 ሰዓት የሥራ ቀን ውስጥም ከ5 ሰዓት በላይ ሥራ አስቀድሞ ባይያዝ ይመረጣል፤ የቀረውን ድንገተኛው ጉዳይ ይወስደዋል። በዚህ ስሌት ያልገባው ሥራ ዛሬውኑ ሌላ ቀን ይቆረጥለት፣ ወይም ለጠየቀው ሰው አይሆንም ይባል።