ቆጵሮስ ላይ የሸወደችኝ የማውቃት ፀሐይ ናት

ከፍራንክፈርት ልንነሳ ስንል ጓደኞቼ ሁሉ አዋቂ ሆኑ። አንዱ «የሽርሽር ቤት በጋራ ግዙ የሚሉ ደላሎች አሉ፣ እንዳትሰማቸው» አለኝ። ሌላው «እባብ አለ» አለኝ። እውነት ነው፣ ደሴቲቱ ላይ መርዘኛ እፉኝት አለ። እኔ ግን ዐሥር ቀን ስዞር አንድም እባብ አላየሁም። ደላላም የቀረበኝ አንድ ብቻ ነው። እሱም አረማመዴን ሲያይ አዝኖልኝ ተወኝ። የእግሬን ነገር ኋላ እነግራችኋለሁ።

የሄድኩት ከታላቅ እህቴ ጋር ነው። እቴቴ እላታለሁ። ለእሷ ቆጵሮስ ማለት ባሕር ዳር መተኛት አይደለም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 13 ማለት ነው። ጳውሎስና በርናባስ ደሴቲቱን አቋርጠው ጳፉ ገቡ ይላል አይደል? ጳፉ ዛሬ ጳፎስ የምትባለው ናት። እቴቴ ታያት ዘንድ ስንት ዓመት ጨቀጨቀችኝ። እኔም ለሥራ ፈቃድ የሚመቸኝ ወር ነሐሴ ነበር። ነሐሴ! እዚህ ላይ ነው ስህተቱ የጀመረው።

የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ሀገር ተወልጄ የፀሐይ ቅባት ልገዛ? አልገዛሁም። እቴቴ ጃንጥላ ስትይዝ ሳቅኩባት። ጳፎስ ወደብ አጠገብ የሮማውያን ዘመን ከተማ ፍርስራሽ አለ። ከ1980 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። የገባነው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ቦታው ሰፊ ሜዳ ነው። መሬት ላይ የተነጠፉት ጥንታዊ ሞዛይኮች የሚያምሩ ናቸው። ዋናዎቹን ፀሐይ እንዳትጎዳቸው ጣሪያ ሠርተውላቸዋል። ለሰው ግን ጥላ የለም ማለት ይቻላል።

ግማሽ መንገድ ላይ ራሴን ይወቅረኝ ጀመር። ከዚያ ላቤ ቀዝቃዛ ሆነ። ከዚያ የማየው ሁሉ ነጭ ሆነ። እቴቴ ጃንጥላዋን እላዬ ላይ ዘርግታ አንድ የድንጋይ ግድግዳ ሥር አስቀመጠችኝ። አንዲት ሠራተኛ ውሃ ይዛ መጣችና በእንግሊዝኛ ትቆጣኝ ጀመር። ገባኝ። ቁጣዋ የእናት ነበር።

ኋላ ሳስበው ነገሩ ግልጽ ነው። አዲስ አበባ ፀሐይዋ ኃይለኛ ብትሆንም ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። ጥላ ውስጥ ስትገባ ይበርድሃል። ቆጵሮስ ዳርቻ ላይ ግን ጥላውም ይሞቃል፤ ሌሊቱም ይሞቃል። ወበቁ ላብህን አያደርቀውም። ትከሻዬም ተቃጠለ። ጥቁር ስለሆንኩ መቅላቱ አልታየኝም። በሦስተኛው ቀን ሲላጥ ግን ታየ። ከዚያ ወዲያ እንደ ሀገሬው ሆንን፤ ማለዳ መውጣት፣ ቀትር ላይ መተኛት፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንደገና መውጣት።

እቴቴም ብትሆን የራሷ ተራ አልቀረላትም። ላርናካ ውስጥ የቅዱስ አልዓዛር ቤተ ክርስቲያን አለ። በ9ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ገደማ የተሠራ ነው። ጌታ ከሞት ያስነሳው አልዓዛር ኋላ እዚያ ጳጳስ ሆኖ አረፈ የሚል ትውፊት አላቸው። ከመቅደሱ ሥር መቃብር አለ። በር ላይ ቁምጣ ለለበሱ ቱሪስቶች መሸፈኛ ይሰጣሉ። እቴቴ ነጠላዋን ስላጣፋች በኩራት አለፈች። ግን እንደ ሀገሯ ልማድ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች። እዚያ ጫማ አይወለቅም። ሻማ የሚሸጡት እናት ዓይናቸው ፈጠጠ። እሷ ምን ገዷት፣ ሰግዳ ስትወጣ ጫማዋ አንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ ከርሟል፤ ድንጋይ ንጣፉም እንደ ምጣድ ግሏል። እየዘለለች፣ እየማለች፣ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ስለማለች ይቅርታ እየለመነች ወጣች።

ስለ መኪናው ልንገራችሁ። ቆጵሮስ እስከ 1960 ድረስ በእንግሊዝ ሥር ስለነበረች የሚነዳው በግራ ነው። ሃያ ዓመት ነድቻለሁ፣ ምን ይለኛል ብዬ ተከራየሁ። የኪራይ መኪና ታርጋው ቀይ ነው። አዲስ አበባ ቀይ ታርጋ ታክሲ ነበር፤ እዚያ ግን «ተጠንቀቁ፣ ይሄ ሰውዬ እንግዳ ነው» ማለት ነው። ሀገሬው ከሩቅ አይቶ ይሸሸኛል። ልክ ነበሩ። መኪናችን ከጃፓን የገባች ስለነበረች ፍሬቻዋ በቀኝ፣ የዝናብ መጥረጊያዋ በግራ ነው። በታጠፍኩ ቁጥር ጠብታ በሌለበት ሰማይ ሥር መስታወት እጠርጋለሁ። አደባባይ ላይ ደግሞ ዙሪያው ተገልብጦብኝ ሁለት ጊዜ ዞርኩ። እቴቴ ጸሎት ጀመረች።

የማይረሳኝ ግን ይሄ አይደለም። በቀኝ ተቀምጠህ ስትነዳ የመኪናው ግራ ጎን የት እንደሚያልቅ አይታይህም። ስለዚህ ሳታውቀው ወደ ግራ ትጠጋለህ። እኔም ተጠጋሁ፤ የግራ ጎማዬም የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ተሳለመ። ፈነዳ። «ሙሉ ኢንሹራንስ» ብዬ የገዛሁት ወረቀት ሲነበብ ጎማን፣ መስታወትንና የመኪናውን ሆድ አይሸፍንም። ከኪሴ ከፈልኩ። አከራዩን አልወቅስም፤ ወረቀቱን ሳላነብ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ጥቂት እወቅሰዋለሁ፤ ፊደሉን ጉንዳን የሚያህል ያደረገው እሱ ነው።

ጾሙ ደግሞ አለ። የሄድነው ፍልሰታ ላይ ነው። እነሱም ኦርቶዶክስ ናቸው፣ እነሱም ያችኑ ጾም ይጾማሉ። እቴቴ ደስ አላት። ጳፎስ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ገብታ «የጾም» ስትል አስተናጋጁ ፊቱ በራ። «ኒስቲሲማ!» አለና ወደ ጓዳ በረረ። የጾም ማለቱ ነው። ሽምብራ መጣ፣ ባቄላ መጣ፣ ወይራ መጣ። ቀጥሎ የተጠበሰ ኦክቶፐስ መጣ፤ እግሮቹን ዘርግቶ።

«ይሄ ምንድነው?» አለችኝ።

«እነሱ ዘንድ ደም የለውም ስለሚባል ይበላል።»

«ለእነሱ ይባርክላቸው። አንተ ከፊቴ አንሳልኝ።»

አነሳሁላት። በላሁት። በጣም ይጣፍጣል። በዚህ አላበቃም። እነሱ ጾሙን የሚጀምሩት ኦገስት 1 ሲሆን የሚፈቱት ኦገስት 15 ነው። በእኛ ነሐሴ 9 ማለት ነው። የእኛ እስከ 16 ነው። በዓሉ ዕለት ባንኩም ሱቁም ተዘግቶ፣ ከተማው ተራራና ባሕር ዳር ሄዶ አለቀ። መንደሩ ሁሉ በግ ይጠብሳል። እቴቴ ገና ሳምንት ይቀራታል። ሽታው ሆቴላችን ድረስ ይመጣል። ነሐሴ ላይ ለመሄድ ያሰበ ጿሚ ይህን አስልቶ ይሂድ።

ኒቆሲያን ያየነው አንድ ቀን ብቻ ነው። ከተማዋ ለሁለት የተከፈለች ናት፤ ደቡቡ የግሪክ ቆጵሮሳውያን፣ ሰሜኑ የቱርክ ቆጵሮሳውያን ነው። በ1963 መጨረሻ አንድ የእንግሊዝ ጄኔራል ካርታ ላይ በአረንጓዴ እርሳስ መስመር አሰመረ፤ ስሙም አረንጓዴው መስመር ሆኖ ቀረ። ከ1974ቱ ጦርነት በኋላ መስመሩ ደሴቲቱን ከዳር እስከ ዳር ቆረጣት። ሌድራ በሚባለው የገበያ መንገድ ላይ በእግር ማቋረጫ የተከፈተው በ2008 ነው። አይስክሬም እየላስክ ትሄዳለህ፣ ድንገት ፓስፖርት ትጠየቃለህ። የተቀደደ አሸዋ ጆንያ፣ ባዶ ቤት፣ የተባበሩት መንግሥታት ምልክት። እቴቴ ስልኳን አውጥታ ፎቶ ልታነሳ ስትል አንድ ወታደር ከበርሜል ኋላ «ኖ!» ብሎ ጮኸ። እጇ ተንቀጠቀጠ። በደርግ ጊዜ ልጅ ነበረች፤ የወታደር ጩኸት ታውቃለች። ለግማሽ ሰዓት አልተናገረችም።

የእኔ ቅጣት በኋላ ደረሰ። መስመሩ አጠገብ ካፌ ተቀምጠን ስልኬ «ወደ ቱርክ እንኳን ደህና መጡ» አለኝ። ከሰሜኑ ኔትወርክ ጋር ተያይዟል። የአውሮፓ ኅብረት የሮሚንግ ታሪፍ እዚያ አይሠራም። ሰማያዊውን ነጥብ እየተከተልኩ ካርታ ሳይ የቆየሁበት ሒሳብ ወሩ መጨረሻ ላይ መጣ። እዚያ ስትደርሱ ዳታችሁን አጥፉት።

ትንንሾቹን አልዘረዝርም። ሶኬቱ የእንግሊዝ ባለ ሦስት ቀዳዳ ነው፤ የጀርመኑ አይገባም። የሽንት ቤት ወረቀት ብዙ ቦታ ቅርጫት ውስጥ ነው የሚጣለው። ጀርመኖቹ በዚህ ሲንገሸገሹ አየሁ። እኛ ቤታችን ገባን።

አሁን እግሬ። ዋና የተማርኩት ላንጋኖ ነው፤ ውሃ አይፈራኝም፣ እኔም አልፈራውም። ከሊማሶል ወደ ጳፎስ ስትሄዱ ፔትራ ቱ ሮሚዩ የሚባል ትልቅ ቋጥኝ ባሕሩ ውስጥ ቆሟል። አፍሮዳይት ከአረፋ የተወለደችው እዚያ ነው ይላሉ። ሦስት ጊዜ ዙሪያውን የዋኘ ወጣትነቱ አያልፍም የሚል ወሬም አለ። አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ለምን አልሞክርም? ዳርቻው አሸዋ ሳይሆን የጋለ ጠጠር ነው። ማዕበሉም ከመንገዱ ላይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ግማሽ ዙር ስደርስ ወደ ድንጋዩ ገፋኝ። ለመቆም እግሬን ዘረጋሁ። ጥቁር፣ ክብ፣ እንደ ጃርት እሾህ የለበሰ ነገር ላይ ቆምኩ። እነሱ አሂኖስ ይሉታል። ከውሃው እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ወጣትነት ቀርቶብኝ አረጀሁ።

ዳርቻው ላይ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ወይራ ዘይት አምጥተው ተረከዜን አሹልኝ። እሾሁ ተሰባባሪ ስለሆነ በጉልበት ከጎተትከው ውስጥ ይቀራል አሉኝ። ወረንጦ ይዘው ስድስት አወጡ። እያወጡ ስለ ባሕሩ ያወሩኛል። በስዊዝ ቦይ በኩል ከቀይ ባሕር የገባ፣ የሚነፋ ሆድ ያለው ዓሣ መረባቸውን በጥርሱ እየበጣጠሰ አስቸግሯቸዋል። ሥጋው መርዝ ስለሆነ አይበላም። ከቀይ ባሕር ሲሉ ዝም አልኩ። እኛ ባሕር አጥተን እሱ ሁለት ባሕር ይዟል።

የፕላስቲክ ጫማ በአሥር ዩሮ ዳርቻው አጠገብ ይሸጥ ነበር። ስንገባ አይቼው ነበር።

ፍራንክፈርት ከተመለስን ሦስት ሳምንት አልፎ አንድ ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ ተረከዜ ላይ ጥቁር ነጥብ ብቅ ብላለች። ሰባተኛዋ። ሐኪም ጋ ልሂድ ስል እቴቴ መርፌዋን በሻማ እያጋለች መጣች።

«ቁጭ በል። እሾህ ማውጣት አውቃለሁ።»