ገመድ መያዝ የሚያስከፍልበት ትግል

ቶኪዮ ሄዶ ሬስሊንግ ማየት ለሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠቆመው ኮራኩኤን አዳራሽ ነው። ሱይዶባሺ ጣቢያ ከባቡር ወርዶ የቶኪዮ ዶምን ነጭ ጣሪያ እያዩ ጥቂት መራመድ ነው። አዳራሹ እዚያው አጠገብ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ይገኛል። ከ1962 ጀምሮ ቦክስም ሬስሊንግም ያስተናገደ ቤት ነው። አሳንሰር አለው፤ እኔ ግን በደረጃው ወጣሁ፤ ግድግዳው ደጋፊዎች በየጊዜው በጻፉት ጽሑፍ ተሞልቷል። ውስጡ ሁለት ሺህ ሰው እንኳ አይይዝም። ፊት ለፊት ከተቀመጡ የተፋላሚዎቹ ትንፋሽ ይሰማል።

እዚያ ድረስ የወሰደኝ ዩደብሊውኤፍ በተባለው የጃፓን ሬስሊንግ ድርጅት ሕግ የሚካሄድ አንድ ግጥሚያ ነው። አብዛኞቻችን በቴሌቪዥን የምናውቀው የአሜሪካውን ሬስሊንግ ነው፦ ከገመድ ላይ መዝለል፣ በወንበር መማታት፣ ጀርባን መሬት አስነክቶ ሦስት መቁጠር። እዚህ ይሄ ሁሉ የለም። ሰው የሚሸነፈው ወይ ተመትቶ ወድቆ መነሳት ሲያቅተው፣ ወይ እጁ ወይም እግሩ ተቆልፎ እጅ ሲሰጥ ነው። የተያዘ ሰው የመድረኩን ዙሪያ ገመድ ከጨበጠ ይለቀቃል። ነጥብ ግን ይቀነስበታል፤ ነጥቡ ካለቀ አለቀ። በ1990ዎቹ የነበረው ዩደብሊውኤፍ ኢንተርናሽናል እያንዳንዱን ተፋላሚ በ15 ነጥብ ያስጀምር ነበር። ገመድ መያዝ 1፣ ተመትቶ መውደቅ 3 ነጥብ ያስቀንሳል።

ነገሩ የተጀመረው በ1984 ነው። አኪራ ማዔዳ፣ ዮሺያኪ ፉጂዋራና ሌሎችም በዩደብሊውኤፍ ስም ተሰባስበው ሬስሊንግን ወደ እውነተኛ ፍልሚያ ለማስጠጋት ተነሱ። የብዙዎቹ መምህር ካርል ጎች ነበር። ቤልጂየም ተወልዶ፣ በእንግሊዟ የከሰል ከተማ በዊጋን፣ ቢሊ ራይሊ ጂም ውስጥ የተቀረጸ ሰው ነው። ጃፓኖች «የሬስሊንግ አምላክ» ይሉታል።

ወደ ግጥሚያው ልመለስ። አንዱ አንጋፋ ነው፣ ሌላው ገና ወጣት። ጥቂት ከተራገጡ በኋላ መሬት ላይ ወረዱ። ወጣቱ የአንጋፋውን ክንድ በሁለት እግሩ መሃል አስገብቶ ሊዘረጋው ይጎትታል። አንጋፋው ሁለት እጆቹን አቆላልፎ ጨብጧል። ለረጅም ጊዜ የሚንቀሳቀስ ነገር ያለ አይመስልም። እጆቹን ያየ ግን ሁሉንም ያያል፦ ወጣቱ አንጓውን ይዞ አቅጣጫ ይቀያይራል፣ ያኛው በእያንዳንዱ ጉተታ ጭብጡን ያድሳል። ከዚያ በአንድ ቅጽበት አንጋፋው ተገልብጦ ወጣ፤ ሲወጣ ደግሞ የልጁ ቁርጭምጭሚት በብብቱ ስር ነበር። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ውጤቱ ቀድሞ የተስማሙበት ነው። ይሄ ለእኔ ዋጋውን አይቀንሰውም። ክርን ክርን ነው፤ በስህተት አንድ ጣት ያህል ከተለጠጠ ይሰበራል። ሁለቱም ይህን አውቀው እስከ ጫፉ ይሄዳሉ። ውጤት ሳይስማሙ መፋለምን የመረጡም አሉ፦ ማሳካትሱ ፉናኪና ሚኖሩ ሱዙኪ በ1993 ፓንክሬስ የተባለውን ድርጅታቸውን የመጀመሪያ ውድድር ሲያካሂዱ፣ ዩኤፍሲ የተባለው የአሜሪካው የፍልሚያ ውድድር ገና አልተጀመረም ነበር።

የልጁ ነጥብ እየተመናመነ አንድ ቀረው። አንጋፋው ያንኑ ቁርጭምጭሚት መልሶ ያዘና መጠምዘዝ ጀመረ። ልጁ በሆዱ እየተሳበ ገመዱ ስር ደረሰ። እጁን ዘረጋና አየር ላይ አቆመው። ቢይዝ እግሩ ይተርፋል፣ ግጥሚያው ግን ያበቃል። አልያዘም! እጁን ሰብስቦ ወደ አንጋፋው ዞረ፤ ጣቶቹን ሊያላቅቅ ታገለ፤ በነጻ እግሩ ገፋው። በመጨረሻ መሬቱን በመዳፉ መታ፤ እጅ ሰጠ። ገመዱ አጠገቡ ነበር። ከዘለላውና ከወንበሩ ሁሉ ይህ እጅ ይበልጥብኛል፤ አንድ ተራ ሕግ ይህን ያህል ትልቅ ትዕይንት ይፈጥራል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ማየት ለምትፈልጉ፣ ሪንግስ በተባለው የጃፓን ድርጅት መድረክ ኪዮሺ ታሙራና ጹዮሺ ኮሳካ በ1998 ያደረጉትን ፈልጉ። 30 ደቂቃ ሙሉ ቁልፍና ማምለጥ ነው፤ አቻ ወጡ። ስታዩት ፊታቸውን ተዉት፣ እጃቸውን ተከተሉ።