ሕፃናትን በፈጠራ ግሥ ስጠይቅ የገጠመኝ

ለመመረቂያ ጽሑፌ የመረጥሁት ጥያቄ፣ ሕፃናት ሰምተውት የማያውቁትን ግሥ በየትኛው በሚያውቁት ግሥ አምሳያ ያረቡታል የሚል ነበር። ዘዴው የቋንቋ ተመራማሪዋ ጂን በርኮ በ1958 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ የፈጠራ ቃላት ካካሄደችው ጥናት የተወሰደ ነው። ተመሳሳይ ሥራ ለሚጀምር ሰው፣ እኔን ማንም ያላስጠነቀቀኝን ልጻፍለት።

አማርኛ ለዚህ ጥያቄ እጅግ ይመቻል። «ሰበረ» እና «ፈለገ» በኃላፊ ጊዜ መካከለኛ ፊደላቸው እኩል ይጠብቃል፣ ማለትም ድምፁ ጠንከር ብሎ ይነበባል፤ የሚለያዩት በትእዛዝ «ስበር» እና «ፈልግ» ሲባል ነው። በግዕዝ ግን የ«ቀተለ» መካከለኛ ፊደል ሲላላ የ«ፈጸመ» ስለሚጠብቅ፣ አድማጩ ምድቡን ከመነሻው ይለየዋል። በአማርኛ መነሻው ምድቡን ስለማይገልጥ፣ «ደጠበ» የሚል ቃል ፈጥሬ «አንተ ደግሞ እዘዘው» ብል፣ ልጁ «ድጠብ» ወይም «ደጥብ» ማለቱ ቃሉን ከየትኛው ወገን እንደቆጠረው ያሳየኛል።

ቃላት መፍጠሩም ወላጆችን ማስፈቀዱም አላስቸገረም። ያንገበገበኝ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ነው። ኃላፊው «የሌለ ቃል ለልጅ መንገር ቋንቋ ማበላሸት ነው» ብለው ደብዳቤዬን መለሱት። ከትምህርት የቀረውን ተማሪ ሁላችንም «ፎረፈ» እንላለን፤ ይህን ከውጭ የመጣ ቃል በ«ሞክር» አምሳያ «ፎርፍ» ብሎ ያረባው ይኸው ችሎታ መሆኑን ባስረዳም የሚሰማኝ አላገኘሁም። በመጨረሻ የፈቀዱት ጥያቄው በጽሑፍ እንዲሆንና አንድ መምህር መልሱን «ትክክል» ወይም «ስሕተት» እያለ እንዲያርም አስገድደው ነው። ጽሑፋችን ጥብቀትን ስለማያሳይ፣ ልጆቹ «ደጠበ»ን አላልተው እያነበቡ ግሥ መሆኑ ጠፋባቸው። ከሁሉ የከነከነኝ ግን እርማቱ ነው። አሻንጉሊቱን እንድትጠራ የተጠየቀች ልጅ «ምጣ» ብላ ጻፈች፤ መምህሩ በቀይ ሰርዞ «ና» ብሎ ተካው። ልጅቱ ከ«አትስበር» «ስበር» እንደሚወጣ ሁሉ ከ«አትምጣ» «ምጣ»ን ማውጣቷ ነበር፤ እኔ የምፈልገውም ይህንኑ ነበር። ሌሎቹ ወረቀቶች ላይ የመጀመሪያው መልስ ከቀለሙ ሥር የማይነበብ ሆኖ ቀረ። ያን ሁሉ ወረቀት ሳስብ ዛሬም እናደዳለሁ።

ጥናቱን በየወላጆቹ ቤት፣ በቃልና በመቅረፀ ድምፅ እንደገና ሠራሁት፤ የምኮራበት ምዕራፍ የቆመው በዚያ ቅጂ ላይ ነው። መመሪያዎች ከፈተናው በፊት መለማመጃ ስጡ ይላሉ፤ እኔ አትስጡ እላለሁ። «ጀመረ» እና «ጨረሰ»ን የተለማመደ ልጅ ወደ «ደጥብ»፣ «ከፈተ» እና «ሰበረ»ን የተለማመደ ወደ «ድጠብ» ያዘነብላል። መለማመጃ የግድ ከሆነባችሁ ከሁለቱም ወገን ቀላቅሉ፤ ቅደም ተከተሉንም ለየልጁ ለውጡት።