አሥራ ሁለት ሰዓት የትኛው ነው?

ነገሩ የተፈጠረው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ አንድ ክሊኒክ ነው። ታካሚው ህንድ ሄደው የእህታቸው ኩላሊት ተተክሎላቸው የተመለሱ አባት ናቸው። በአምስተኛው ወር ክሬአቲኒናቸው (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ፤ ከፍ ሲል ኩላሊቱ መድከሙን ያሳያል) ከ1.3 ወደ 1.9 ወጣ። ትኩሳት የለ፣ ሕመም የለ፣ ሽንትም አልቀነሰ።

ሁሉም የጠረጠረው ሰውነታቸው ኩላሊቱን አልቀበልም ማለቱን ነው። ፋይላቸው ውስጥ ደግሞ ይህን የሚያጠናክር የዘረመል ውጤት ነበር። ሲዋይፒ 3ኤ5 ከተባለው ዘረመል የሚሠራ ቅጂ አንድ እንኳ ያለው ሰው ታክሮሊመስን (ሰውነት የተተከለውን ኩላሊት እንዳይገፋ የሰውነት መከላከያን የሚያዳክመውን መድኃኒት) ቶሎ ይሰብራል፤ መነሻ መጠኑም ከተለመደው ከ1.5 እስከ 2 እጥፍ ሊሆን ይገባል። ይህ ዓይነቱ ዘረመል ከአውሮፓውያን ይልቅ በአፍሪካውያን ላይ በብዛት ይገኛል። ስለዚህ ቀደም ባሉት ወራት በደማቸው ውስጥ የሚፈለገው የመድኃኒቱ መጠን ከ8 እስከ 10 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ሆኖ ሳለ 6 ሲገኝ ማንም አልተገረመም፤ መድኃኒቱ ጠዋትና ማታ ከ4 ወደ 6 ሚሊግራም ከፍ አለ። ቀጣዩ ውጤት 9 ሆነ፤ ልክ ገባ ተባለ።

ከባዱ የስቴሮይድ መርፌ ሊታዘዝ ሲል ክትትሉን የምትይዘው ሲስተር የናሙና ቅጾቹን ጎን ለጎን ዘረጋች። ሁሉም ላይ «መድኃኒት 2፡00፣ ደም 12፡00» ይላል።

«አባባ፣ ደም የሚሰጡት ንጋት ላይ ነው?»

«ኧረ ቀን ነው ልጄ! ስድስት ሰዓት ላይ፣ ደሙን ወደ ላብራቶሪ የሚወስደው ሞተረኛ ሲመጣ።»

12፡00 የኮምፒውተሩ ሰዓት ኖሯል፤ እኩለ ቀን። ቅጹን ያነበበው ግን የማለዳ 12 ብሎ ነበር የወሰደው። ደሙ የጠዋቱ እንክብል ሳይዋጥ፣ ማታ ከዋጡት መድኃኒት 12 ሰዓት ቆይቶ መቀዳት ሲገባው 16 ሰዓት ይቆያል፤ ቶሎ የሚሰብር ሰው ላይ ደግሞ በእነዚያ 4 ሰዓታት ብዙ ይወርዳል። ጠዋት 2 ሰዓት ተቀድቶ ሲታይ 12.3 ሆነ። ያን ያህል ለወራት ሲዋጥ መከላከያቸው ከሚገባው በላይ ተዳክሞ ነበር።

የቢኬ ቫይረስ ፒሲአር (በደም ውስጥ ያለውን ቫይረስ የሚቆጥር ምርመራ) ተላከ፤ በሚሊ ሊትር 26,000 ቅጂ ተገኘ። ቢኬ አብዛኛው ሰው በልጅነቱ የሚይዘውና ኩላሊት ውስጥ ተኝቶ የሚኖር ቫይረስ ነው፤ የሚነሳው መከላከያ ሲደክም ነው። ከ10,000 ሲያልፍ ኩላሊቱን እየጎዳ ነው ተብሎ ይገመታል፤ አስተማማኝ ፀረ ቫይረስ የለውም። ባዮፕሲውም (ከኩላሊቱ በተወሰደ ትንሽ ቁራጭ ላይ የተደረገው ምርመራ) ቫይረሱን አረጋገጠ። መከላከያን ይበልጥ የሚያዳክመው ያ የስቴሮይድ መርፌ ቢሰጥ ኖሮ እሳት ላይ ቤንዚን ነበር። የኤችኤልኤ፣ የኪርና የኢንተርፌሮን ላምዳ የተባሉ የሰውነት መከላከያ ዘረመሎችም ቫይረስን የመቋቋም አቅም ላይ ድርሻ እንዳላቸው ጥናቶች ያሳያሉ፤ እነሱን ግን ማንም አይለውጣቸውም። በእጅ ያለው የመድኃኒቱ መጠን ነው፤ መጠኑ የሚለካውም በሰዓት ነው።

መድኃኒቱ ወደ 4 ሚሊግራም ተመለሰ፣ ማይኮፌኖሌት የተባለው ሌላው መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒታቸውም በግማሽ ተቀነሰ፤ ፒሲአሩም በየሁለት ሳምንቱ እየታየ ቁጥሩ ቀስ በቀስ ወረደ።

ክሊኒኩ ሞተረኛውን መጠበቁ ደግሞ ጨርሶ አያስፈልግም ነበር። ታክሮሊመስ በሐምራዊ ክዳን ቱቦ፣ ሳይሽከረከርና ፕላዝማው ሳይለይ (መድኃኒቱ በአብዛኛው ያለው በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ነውና) ፍሪጅ ውስጥ ለቀናት ይቆያል። አሁን ቅጹ ላይ «ጠዋት/ቀን/ማታ» የሚል ማክበቢያ ተጨምሯል። አባትየውም ጠዋት 2 ሰዓት ሲመጡ የጠዋት እንክብላቸውን በኪሳቸው ይዘው ይገባሉ፤ ጥጡ ክንዳቸው ላይ እንደተለጠፈ ይውጡታል።