ጋሼ በነጠላ ጠቅልለው ያመጡት ሥዕል

ሥዕሉን በነጠላ ጠቅልለው፣ ነጠላውን ደግሞ ፌስታል ውስጥ አድርገው ነው ይዘውት የመጡት። ሙዚየማችን ዕቃ የሚረከበው በሳጥን፣ በፎርምና በፊርማ ነው። በር ላይ ያለው ጥበቃ ግራ ገብቶት ደወለልኝ። "አንድ የአገርሽ ሽማግሌ መጥተዋል፤ የያዙትን ለማንም አልሰጥም ብለዋል" አለኝ። ወረድኩ። ጋሼ ገና ሲያዩኝ "ልጄ፣ ሥዕል የምትመረምሪው አንቺ ነሽ?" አሉኝ። ፌስታሉን እንደ ሕፃን አቅፈውታል።

እኔ ኬሚስት ነኝ። አራት ኪሎ ተምሬ፣ ዲቪ ደርሶኝ ዋሽንግተን ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ ፓርኪንግ ውስጥ ቲኬት መቁረጥ ነበር። ቀን እየሠራሁ ማታ ማታ ተማርኩ። ዛሬ አንድ ሙዚየም ውስጥ የቅርስ ጥበቃ ምርምር ሲኒየር ሳይንቲስት ነኝ። ሥዕል አልሥልም፤ የተቀደደም አልጠግንም። ጠጋኞቹ ሌሎች ናቸው። የእኔ ድርሻ ዕቃው ከምን እንደተሠራ፣ ለምን እየተጎዳ እንደሆነና ምን ቢደረግለት እንደሚሻል ማወቅ ነው።

አብዛኛው ቀን ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ለምሳሌ ለኤግዚቢሽን አዲስ የመስታወት ሳጥን ሲሠራ፣ ውስጡ የሚነጠፈው ጨርቅና እንጨቱ መጀመሪያ እኔ ጋ ይመጣል። ቁራጩን ከብር፣ ከመዳብና ከእርሳስ ቅጠሎች ጋር ጥቂት ውኃ ያለበት ቱቦ ውስጥ ከድኜ፣ 60 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ 28 ቀን አስቀምጠዋለሁ። ሲወጣ እርሳሱ ነጭ ዱቄት ካበቀለ፣ ያ እንጨት አሲድ ይተፋል ማለት ነው። ቅርስ አጠገብ አይደርስም። ይህን ሥራ የሚሰለቹ አሉ። እኔ እወደዋለሁ። 500 ዓመት የኖረን ዕቃ በአንድ ርካሽ ጣውላ ምክንያት ማጣት ያንገበግባል።

ስለ ጋሼ ሥዕል ከመናገሬ በፊት የአንድ ብራና ነገር ልንገራችሁ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ከመጋዘን አንድ የግእዝ ዳዊት ወጣ። ገበታው እንጨት ነው፣ ማኅደሩም አብሮት አለ። የተዘጋጀው የጥገና ሪፖርት ላይ "የገጾቹ የታች ጥግ ቆሽሿል፤ ይጽዳ" ይላል። ገጹን ስገልጠው ሆዴ ተላወሰ። አያቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ፣ ጎጃም። ዳዊት ሲደግሙ አውራ ጣታቸው የሚያርፈው እዚያችው ቦታ ላይ ነው። ጧፉን የሚይዙት በሌላው እጃቸው ነው። ጥግ ላይ ያለው ጥቁረት የጣት ወዝ ነው። ነጠብጣቡ ደግሞ ጧፍ ነው።

ስብሰባ ላይ ይህንኑ ተናገርኩ። የዚያን ጊዜው አለቃዬ "ይሄ ስሜት እንጂ ሳይንስ አይደለም" አለኝ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። በማግስቱ ግን ከነጠብጣቡ የመርፌ ጫፍ የምታህል ወስጄ በኢንፍራሬድ መረመርኳት። የንብ ሰም ውስጥ የሚገኘው ኤስተር የተባለ ውህድ ምልክቱ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ንጹሕ ሰም፣ የንብ ሰም። ሪፖርቱ ተቀየረ። "ቆሻሻ" የሚለው ተሰርዞ "የአጠቃቀም ምልክት፤ አይነካ" ተባለ። ዳዊቱ ዛሬም ከነጣት አሻራው አለ።

በነገራችን ላይ የዚያ ዳዊት ፊደል እንደ ትናንት ነው የጠቆረው። የኛ ጸሐፍት ቀለም መሠረቱ ጥቀርሻ ነው። አያቴ የድስት ቂጥ ፍቀው፣ ከተቆላ እህልና ከቅጠላ ቅጠል ጋር ወቅጠው፣ በጥብጠው ወራት ሙሉ ያቦኩት ነበር። ጥቀርሻ ካርቦን ነው። ብርሃን አያደበዝዘውም፣ ብራናውንም አይበላውም። አውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት የጻፈችበት የብረት ቀለም ግን አሲድ አለው፤ ወረቀቱን በስቶ የሚወጣበት ጊዜ አለ። በኢንፍራሬድ ካሜራ ሲታዩ ይለያሉ። የብረቱ እየሳሳ ይጠፋል፣ የጥቀርሻው ድቅድቅ እንዳለ ይቀራል። ይህን ስክሪን ላይ መጀመሪያ ያየሁ ቀን አያቴ በሕይወት ኖረው ባሳየኋቸው ብዬ ተመኘሁ።

ወደ ጋሼ ልመለስ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖሩት። ታክሲ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። ሥዕሉን ከ20 ዓመት በፊት ከአንድ ነጋዴ ገዝተውታል። የሁለት ዓመት ቁጠባቸውን ከፍለው። ነጋዴው "የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው፣ ፍሬ ጽዮን የሣለው" ብሏቸዋል። ፍሬ ጽዮን እውነተኛ ሠዓሊ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ፣ ስሙን የጻፈበት ሥዕል ጣና ዳጋ እስጢፋኖስ ያለ። ጋሼ ዕድሜያቸው ስለገፋ፣ ሕዝብ እንዲያየው ለሙዚየሙ ሊሰጡ ነው የመጡት። ሙዚየም ደግሞ ስጦታም ቢሆን ሳይመረምር አይቀበልም።

ነጠላውን ሲፈቱት ልቤ ቀድሞ አወቀ። ምስለ ፍቁር ወልዳ ነው። እመቤታችን እጆቿን አጣምራ፣ መሐረብ ይዛ፣ ልጇን ታቅፋ። ይህ አሣሣል ሮም ካለው የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ሥዕል የመጣ ነው። ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ቅጂውን ይዘው ገብተው፣ አገራችን የተስፋፋው በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1600 ግድም ወዲህ ነው። ዘርዐ ያዕቆብ ያረፈው በ1468 ነው። ግን ዓይን ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ዝም ብዬ ተረከብኩ።

መጀመሪያ በኤክስሬይ ፍሎረሰንስ። መሣሪያው ሥዕሉን ሳይነካ ውስጡ ያሉትን ንጥረ ነገሮች ይቆጥራል። ነጩ ላይ ቲታኒየም። የድሮ ሥዕሎቻችን ነጩም ንጣፉም በአብዛኛው ጀሶ ነው፤ ካልሲየምና ሰልፈር መውጣት ነበረበት። አፈርም ቲታኒየም አለው ብዬ አልፈረድኩም። በራማን፣ በሌዘር ብርሃን ቀለሙ የትኛው ውህድ እንደሆነ በሚለይ መሣሪያ፣ ደገምኩት።  ሩታይል የሚባለው የቲታኒየም ነጭ ሆኖ ተገኘ። ይህ ነጭ ገበያ የወጣው በፈረንጆች 1940 አካባቢ ነው። የመጎናጸፊያዋ ሰማያዊ ደግሞ ከዕፅዋት የሚገኘው ኢንዲጎ ሳይሆን ፋብሪካ ሠራሹ ፋታሎሲያኒን ሆነ። ይህም ከ1935 በፊት ገበያ ላይ አልነበረም። በማይክሮስኮፕ ሳየው ላዩ ላይ ያለው ቡናማ ጭስ የመሰለ ነገር በብሩሽ የተቀባ ነው። ፍንጣቂው ውስጥ ሳይቀር እኩል ፈሷል።

ሦስት ቀን ሳልደውልላቸው ቆየሁ። ምን ብዬ ልንገራቸው?

ሙዚየሙ ካፌ ውስጥ ተቀመጥን። "ጋሼ፣ ሥዕሉ ቆንጆ ነው። ግን መቶ ዓመት አይሞላውም" አልኳቸው። ዝም አሉ። ማኪያቶው ቀዘቀዘ። ቆይተው "የሣለው ሰው አጭበርባሪ ነው ማለት ነው?" አሉኝ። አይመስለኝም አልኳቸው፤ ከልቤ ነው። ሠዓሊው ሥርዓቱን ጠንቅቆ ያውቃል። የመላእክቱ ክንፍ፣ የጣቶቿ አጣጣፍ የተማረ እጅ ነው። ያስረጀው ሌላ ሰው ነው፣ ሊሸጥ ብሎ።

አንድ ነገር ግን ሪፖርቱ ውስጥ በደንብ ጽፌ ነበርና አሳየኋቸው። ከታች በኩል፣ ከተቀባው ቡናማ በላይ፣ የሰም ነጠብጣብ አለ። መርምሬዋለሁ። የንብ ሰም አይደለም። ኤስተሩ የለም። ፓራፊን ነው፣ የሱፐርማርኬት ሻማ።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። "እሱ የኔ ነው" አሉ። "ልጄ ሆስፒታል ተኝታ በነበረ ጊዜ አርባ ቀን አብርቻለሁ። ድና ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት።" ከዚያ ፈራ ተባ እያሉ "ይጸዳ ይሆን?" ብለው ጠየቁኝ።

"አይነካም ጋሼ" አልኳቸው።

ሙዚየሙ አልተቀበለውም። እኔም ይቀበል ብዬ አልተከራከርኩም። ነጠላውን ዘርግተን አብረን ጠቀለልነው። የት እንደሚሰቅሉት ጠየቅኳቸው። ከማሞቂያው በላይ ነው አሉኝ፣ መስኮቱ ፊት ለፊት። ደነገጥኩ። ሙቀቱ እንጨቱን ያጎብጠዋል፣ ቀለሙ ይላላጣል፣ ፀሐዩም ይጎዳዋል። ውስጠኛው ግድግዳ ላይ፣ ውጭ አየር ከማያገኘው በኩል ይስቀሉት አልኳቸው። ሻማውንም ትንሽ ራቅ አድርገው።

ቅዳሜ ደወሉ። ኮሪደሩ ላይ ሰቅለውታል። ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ልኩን ጠየቅኳቸው፤ ከሻማው እስከ ሥዕሉ ስንት ስንዝር እንደሆነ ለክተው ነገሩኝ።