ዐሥር ደቂቃ ወሬ፣ ሦስት ምሽት ሥራ

ቋንቋ ሰውን ከሰው እንዴት እንደሚያግባባ ማጥናት ከጀመርኩ ሦስት ወር ሞላኝ። ሁለቱን ወር ያሳለፍኩት በንባብ ነው። ስለ ቋንቋና ትርጉም የጻፉትን ሶሲርን፣ ኦስቲንን፣ ግራይስን። ጠቅመውኛል። ግን ደብተሬ ላይ ያለው ሁሉ የሌላ ሰው ምሳሌ ነበር።

ስለዚህ በዚህ ወር እህቴን አስፈቅጄ የስልክ ወሬያችንን ቀዳሁ። ዐሥር ደቂቃ ብቻ። ቃል በቃል በጽሑፍ ማስፈር ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። የመጀመሪያው ምሽት ሥራ አልጠቀመኝም። "እ" የሚሉትን፣ ድግግሞሹን፣ የተቋረጠውን ዓረፍተ ነገር ሁሉ "አስተካክዬ" ጽፌው ነበር። ለካ የሚጠናው እሱ ነው! እንደገና ጀመርኩ።

መጀመሪያ የገረመኝ ፍጥነቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት በ10 ቋንቋዎች አዎ ወይም አይ የሚያስመልሱ ጥያቄዎችን መዝኖ ነበር። በጥያቄውና በመልሱ መካከል ያለው ክፍተት በአማካይ 200 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ አንድ አምስተኛ) ገደማ ነው። የአንድ ሥዕል ስም ለመጥራት እንኳ 600 ሚሊሰከንድ ገደማ ያስፈልገናል። ሒሳቡ የሚገጥመው ሰሚው መልሱን ማሰናዳት የሚጀምረው ተናጋሪው ሳይጨርስ ከሆነ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አማርኛ አሳሰበኝ። የእኛ ግስ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ታዲያ ምኑን ይዘን ነው ቀድመን የምንሰናዳው? ቅጂው ውስጥ እህቴ "ቅዳሜ እኔ እንኳን አልመ..." ስትል እኔ "ለምን?" ብያለሁ። "አልመጣም" ገና አላለቀም። "አል" ብቻ በቃኝ። ደጋግሜ ሳዳምጠው ደግሞ ገና "እንኳን" ላይ ድምጿ ወርዷል። ጃፓንኛም ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። በዚያ ጥናት ከሁሉም ፈጣን መልስ የተመዘገበው ግን በጃፓንኛ ነው።

ከዚያ "እሺ"ን ቆጠርኩ። 23 ጊዜ። "ተስማምቻለሁ" ማለት የሆኑት 4 ብቻ ናቸው። 13ቱ "እየሰማሁ ነው፣ ቀጥይ" ወይም "ቀጥል" ናቸው። 5ቱ ስልኩን ስንዘጋ የመጡ ናቸው፦ "እሺ።" "እሺ በቃ።" "እሺ።" "እሺ ቻው።" "እሺ።" የወሬን አካሄድ ያጠኑት ሼግሎፍና ሳክስ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ወሬ አዘጋግ የጻፉት የገባኝ ያኔ ነው። ወሬ ዝም በማለት አይዘጋም። ሁለቱም ሰዎች ሌላ የሚነሳ ነገር እንደሌለ ተራ በተራ መገላለጽ አለባቸው።

አንዷ "እሺ" ግን የትም አልገባ አለችኝ። አንድ ነገር እንድታደርግልኝ ስጠይቃት ጎተት አድርጋ "እሺ..." ብላ ወደ ሌላ ወሬ አለፈች። እኔ "እምቢ" ሆኖ ነው የተሰማኝ። ደውዬ ጠየቅኳት።

"እሺ ካልኩማ እሺ ነው" አለችኝ።

ነገሩን ግን እስካሁን አላደረገችውም። እንዲህ ያለ "እሺ" ያጋጠማችሁ ካላችሁ ከነዝምታው ጽፋችሁ አሳዩኝ። አንድ ላይ እንመድበው።